ግልባጭ፡- ለትንሿ ሀገር

አታምኑኝም እንጂ፣ አባቴ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ፊርማውና በገዛ ማህተሙ ለአንዲት ትንሽ ሀገር ነፃነት ሰጥቷል። ሀገሪቱ በዚያ ሰዓት ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ያመነኝ እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ማንም የለም። ብንወራረድ ደስ ባለኝ፣ ግን እኛ ቤት ጴንጤ ስለሆንን ውርርድ የሚባል ነገር የለም። በነፃ ትሸነፋላችሁ።

ብትጠራጠሩኝ አልፈርድባችሁም። ለጸሎት ኅብረት እንግዶች ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የሞላሁት እኔው ሶስና ነኝ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ "ተባረኪ ልጄ" እያሉ ሻዩን እስከ አተላው ጨለጡት፤ እስካሁን ሳስበው ይጸጽተኛል። ትንሽ። ይሄኛው ግን ጨው የለበትም።

መጀመሪያ ስለ ትልልቅ ሀገሮች ላውራችሁ፣ ነገሩ ከነሱ ነው የተነሳው። ነፃነት የሚለውን ቃል እንደነሱ የሚወድ አይቼ አላውቅም። ሐውልት ያቆሙለታል፣ ይዘምሩለታል፣ መሪያቸው መድረክ ላይ ሲወጣ ከ"እንደምን ዋላችሁ" ቀጥሎ ከአፉ የሚወጣው እሱው ነው። ከዚያ ንግግሩ ያልቅና፣ ሰውየው ከመድረክ ወርዶ፣ ሕዝቡን ቀፍድዶ ከያዘ ሌላ ሰውዬ ጋር ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ ፎቶ ይነሳል። ለምን? ሰውዬው ነዳጅ አለው። ወይ ወደብ አለው። ወይ ደግሞ ለጦር ሰፈር የሚሆን ሰፊ ሜዳ። ነዳጅም ወደብም ሜዳም የሌለው ጨቋኝ ከሆነማ ጉዱ ፈላ፣ የሰብዓዊ መብት ትምህርት ጠዋትና ማታ ነው የሚሰጠው። የትኛውን ሀገር ነው የምትይው አትበሉኝ። እናንተ የምታስቡት ራሱ ነው። ሌላ እያሰባችሁ ከሆነም፣ እሱም ነው።

ይሄን ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። ከአባዬ ነው። አባቴ ገመቹ ትራንዚተር ነው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ያስለቅቃል። ቀኑን ሙሉ ዲክላራሲዮን የሚሉትን የጉምሩክ ቅጽ ሲሞላ ስለሚውል ማህተም የሌለው ወረቀት ለሱ የሱቅ መጠቅለያ ነው። ማህተሙን እንደ ጥርስ ብሩሽ በቦርሳው ይዞት ይዞራል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ዕቃ ማስለቀቁን ትቶ ሕዝቦችን ማስለቀቅ ይጀምራል። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ይመጣሉ፣ እማዬ ሻይና ቆሎ ታቀርባለች፣ ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ይደረግና ዓለም ሳሎናችን ውስጥ ትከሰሳለች።

ጋሽ ከድር ጂቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። አባዬ በሀገሮች ንግግር ይናደዳል፤ እሳቸው ንግግር ጨርሶ አይሰሙም። "እኔ ሀገር የማውቀው በኬላው ነው" ይላሉ። "በሬዲዮ 'ወንድም ሕዝብ' ይልሃል፤ ኬላው ጋ ስትደርስ ወረቀትህን ይቀበልና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያቆምሃል። እኔ የማምነው ኬላ ጠባቂውን ነው።"

"እኮ! ቃላቸውና ሥራቸው አይገናኝም ነው የምለው!" ይላል አባዬ።

"ምን ያድርጉ ታዲያ? ሰው ሀገር ሲገቡ 'ምን አገባቸው' ትላለህ። ዝም ሲሉ 'አይተው ዝም አሉ' ትላለህ። አንተን እኮ ትልቅ ሀገር ሆኖ ማስደሰት አይቻልም ገመቹ።"

"ቃላቸውን ያክብሩ! ነፃነት ካሉ ነፃነት! ማንም ለማንም አያውቅለትም!"

ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የአባዬ ናት። እጁን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚላት። ቆሎ የያዘበት እጅ ከሆነ ቆሎው ይበተናል፣ የምጠርገው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሌንሳ እንምጣ። ሌንሳ እህቴ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። በኬሚስትሪ ተመርቃ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀምጣለች፣ ምክንያቱም አባዬ "ሞጆ አንድ ቢሮ አነጋግሬልሻለሁ፣ ጠብቂ" ብሏታል። ንግግሩ አሁንም ቀጥሏል፣ በጥሩ መንፈስ። እሷ ደግሞ ማንንም ሳታስቸግር ዱከም አንድ የምግብ ፋብሪካ ተፈተነችና አለፈች። ጥራት ተቆጣጣሪ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀርባ ካልፈረመች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ እኛ ካለንበት ከአዳማ መመላለስ አይሆንም፤ እዚያው ቤት መከራየት አለባት።

ረቡዕ ከእራት በፊት ለአባዬ ነገረችው። እኔ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብያለሁ። አባዬ አልጮኸም፣ እሱ ሲከለክል አይጮህም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጣም አሳቢ ሆኖ፣ "አንቺ ገና አልበሰልሽም ሌንሳዬ" አላት። "አካባቢው አስተማማኝ አይደለም። ያለኔ ድጋፍ ደግሞ ሁለት ወር አትቆሚም። እኔ እኮ ላንቺው ደህንነት ብዬ ነው። ጊዜው ሲደርስ እኔው ራሴ እነግርሻለሁ። አበቃ።"

ሌንሳ "እሺ" ብላ ወጣች። እሷ ስትናደድ "እሺ" ነው የምትለው፤ ከሷ "እሺ" የኔ ጩኸት ይሻላል። መኝታ ቤት ገብቼ ሳያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የቅጥር ደብዳቤውን እንደገና ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። የምታለቅስ ከሆነ ብዬ አንድ ሁለት ቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም። ሌንሳ በኔ ቀልድ ካልሳቀች ነገሩ አደገኛ ነው።

እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይጮህብኝ ነበር። አልበሰልሽም፣ አስተማማኝ አይደለም፣ ለደህንነትሽ፣ ጊዜው ሲደርስ። ይሄን የት ነው የሰማሁት? ቅዳሜ ቅዳሜ ነዋ! አባዬ ቆሎ እየበተነ የሚሰድባቸው መግለጫዎች እኮ እነዚህ ናቸው! ደብተሬን አወጣሁ። የተናገራትን ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ከዚያ ሌንሳ የምትለውን አውጥቼ ትንሿ ሀገር የምትለውን አስገባሁበት። "እኔ" የሚለው "እኛ" ሆነ። "አበቃ" የምትለዋን አወጣኋት፣ ምክንያቱም መንግሥት "አበቃ" አይልም፣ "በዚሁ አጋጣሚ" ነው የሚለው። አንድ ሁለት ቃል የመንግሥት አስመሰልኩ፣ ሌላ የነካሁት የለም። ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤት አጠገብ ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አስገብቼ አስተየብኩት። የምትተይበው ልጅ አንብባ "ኧረ እነዚህ ሰዎች አያፍሩም!" አለች። ያኔ እንደሚሠራ ገባኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሌንሳ ጓሮ፣ አባዬና ጋሽ ከድር ሳሎን፣ እማዬ ወዲያ ወዲህ። እኔ ደብተሬን ታቅፌ፣ ፊቴን እንደ ሰንበት ትምህርት ልጅ አድርጌ ገባሁ።

"አባዬ፣ የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን የቤት ሥራ ሰጥቶናል። አንድ ታላቅ ሀገር ስለ አንዲት ትንሽ ሀገር ያወጣው መግለጫ ነው። መልስ ጻፉበት፣ ወላጅ ይርዳችሁ፣ ይፈርምበትም ብሏል።"

መዋሸቴ ነው። ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ አሁን ቀጥሉ።

አባዬ መነጽሩን ፈለገ፣ መነጽሩ ጠፋ፣ ስለዚህ እኔ አነበብኩለት። "ትንሿ ሀገር ራሷን ለማስተዳደር ገና አልበሰለችም። አካባቢው አስተማማኝ አይደለም። ያለ እኛ ድጋፍ ሁለት ወር አትቆምም። ይህን የምናደርገው ለራሷ ደህንነት ብለን ነው። ጊዜው ሲደርስ እኛው ራሳችን እናሳውቃታለን።"

ክርስቲያን ነው ያልኳችሁ አባቴ ከሶፋው እንዴት እንደተነሳ ብታዩ! "ምን?! አልበሰለችም? ፓፓያ ናት እንዴ በእጃቸው እየጨመቁ የሚለኳት?"

"ኡኡቴ!" አሉ ጋሽ ከድር። "ሁለት ወር ደግሞ አሉ? ሞክረዋት ያውቃሉ?"

"ጻፊ ሶሲ! ቁጥር በይ።"

"ስንት ልበል?"

"ነጥብ ነጥብ አድርጊው፣ መዝገብ ቤት ይሞላዋል።"

"የቱ መዝገብ ቤት?" አሉ ጋሽ ከድር። አባዬ እጁን ኋላው አድርጎ ከቴሌቪዥኑ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ቴሌቪዥኑ እየተመላለሰ ያጽፈኝ ጀመር። ጉዳዩ፡- አጉል ሞግዚትነትን ስለመቃወም ይሆናል። ከላይ በተጠቀሰው ርዕስ እንደተገለጸው፣ የትንሿን ሀገር መብሰል የምትለኩበትን ሚዛን ማን እንደሰጣችሁ ግልጽ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ የምትሉት ጊዜም በየትኛው ካላንደር ላይ እንዳለ እንዲገለጽልን። አንድ ሀገር ብትሳሳት እንኳ የምትሳሳተው የራሷን ስህተት ነው። እዚህ ጋ ጋሽ ከድር "አቤት!" አሉ፣ አባዬም ራሱ ቆም ብሎ ያለውን አጣጣመው። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያየኝ ካለ በስሜት ተውጣ ነው እንዲል ነው።

"ስለዚህ ትንሿ ሀገር ያለማንም ፈቃድ በራሷ ጉዳይ ራሷ ትወስን!"

"ከመቼ ጀምሮ አባዬ?" አልኩት፣ በጣም ቀስ ብዬ። "ቀን የሌለው ደብዳቤ ይመለሳል ትል የለ?"

"እውነትሽን ነው። ከ... ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ነው። ከሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ በይ!"

ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ብዬ ጻፍኩት። እማዬ ከበሩ ጋ ሆና በረጅሙ አየችኝ። እናቴ ወይዘሮ አስቴር ብዙ አታወራም፤ ግን ስኳሩ ውስጥ ጨው እንዳለ ሳትቀምስ ያወቀች እሷ ብቻ ናት። ሻይ ልትደግም ገባች።

አባዬ ፈረመ። ቦርሳውን አስመጣ፣ ማህተሙን አውጥቶ እፍፍ አለበት፣ ግማሹ ፊርማው ላይ ግማሹ ከፊርማው ውጪ እንዲያርፍ አድርጎ ደቅ! ጋሽ ከድርም በጎረቤት ሀገር ስም በምስክርነት ፈረሙ። "ግልባጭ!" አለ አባዬ፣ አሁን ሙሉ ለሙሉ ሞጆ ቢሮው ገብቷል። "ለጎረቤት ሀገሮች በሙሉ። ለ... ቆይ፣ ዋናዋን ረሳናት! ግልባጭ ለትንሿ ሀገር! ጉዳዩ የሷ ሆኖ ሳለ እሷ ሳታውቀው? እንደነሱ ልንሆን ነው እንዴ?"

"ላድርሰው?" አልኩት።

"አድርሺው!" አለ፣ እየሳቀ።

የአባት ትእዛዝ ነው፣ አደረስኩት። ሌንሳ እጇ እርጥብ ነበር፤ መግለጫውንም ደብዳቤውንም አንድ ላይ ሰጠኋት። አነበበች። እንደገና አነበበች። ከዚያ ያቺን "እሺ" ሳትል፣ ወረቀቶቹን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ሳሎን ሄደች። እኔ በሷና በበሩ መሃል ያለችው መንገድ በዓለም ላይ ረጅሟ መሰለችኝ። ቀልድ እወዳለሁ፤ ግን አባቴ በሰው ፊት ሲያፍር አይቼው አላውቅም። ቢቆጣስ? የሰኞው ነገር በኔ ጥፋት ጭራሽ ቢቀርስ? ጨው እኮ ይታጠባል።

"አባዬ፣ ሶሲ ይሄን ሰጠችኝ" አለች ሌንሳ። "ያለማንም ፈቃድ ከሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይላል። ፊርማው ያንተ ነው?"

"አዎ፣ የሶሲ የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ ስለ አንዲት ሀገር..."

"ሀገሪቱን አወቅኳት። ረቡዕ እዚችው ሶፋ ላይ ነበረች።"

አባዬ መግለጫውን ተቀበላት። መነጽሩ ለካ ግንባሩ ላይ ነበር፣ አወረደው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሲያነብ የራሱን ድምፅ መስማት እንደጀመረ ከጆሮው አስታወቀ፣ ጆሮው ቀላ። ጋሽ ከድር አንዴ እሱን አንዴ ሌንሳን አዩ፣ ገባቸውና ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ። "ገመቹ! ታላቋ ሀገር አንተ ነህ እንዴ? እኔንም እኮ አስፈረምከኝ!"

"ይሄና ያ አንድ አይደለም!" አለ አባዬ። "እኔ አባት ነኝ!"

"እነሱም እንደዛ ነው የሚሉት" አሉ ጋሽ ከድር፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እማዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ብቅ አለች። "'አበቃ' የምትለዋን ደግሞ ዘለሻታል ሶሲ" አለችና ለሁሉም ቀዳች።

አባዬ ተቀመጠ። ከዚያ ትልልቅ ሀገሮች እጅ ከፍንጅ ሲያዙ የሚያደርጉትን አደረገ፤ "በመርህ ደረጃ እቀበላለሁ፣ ነገር ግን..." ብሎ ቅድመ ሁኔታ ይዘረዝር ጀመር። ቤቱን እሱ የሚያውቀው ሰው ጊቢ እንድትከራይ፣ ኪራዩን እሱ እንዲከፍል፣ በየሁለት ሰዓቱ እንድትደውል። ጋሽ ከድር "ይኸው፣ እርዳታው ከነገመዱ መጣ!" ብለው ጭናቸውን መቱ። ሌንሳ ግን አልሳቀችም። ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ አንተ ከአሰላ ሞጆ ስትመጣ በሃያ ዓመትህ ነው። ማን ፈቀደልህ?"

"ማንም። አባቴ ስድስት ወር አላናገረኝም።"

"እና?"

አባዬ ወረቀቱን በጣቱ አለሰለሰው። "እና ታምሜ ተኝቼ እንኳ አላወቀም" አለ። "አንቺም ታመሽ ሳላውቅ እንዳልቀር ነው። እፈራለሁ፣ ሌንሳ። ሌላ ምንም አይደለም።"

ጋሽ ከድር እንኳ ቆሎ ማኘክ አቆሙ። ሌንሳ እጁን ያዘችና "ረቡዕ ይሄን ብትለኝ ኖሮ እኮ ረቡዕ እንጨርሰው ነበር" አለችው። "ስታመም መጀመሪያ የምደውለው ላንተ ነው። ኪራዩን ግን እኔ ነኝ የምከፍለው።"

"ቶሌ" አለ አባዬ። እሺ ማለቱ ነው፤ ልቡ ሲነካ ኦሮምኛው ነው የሚቀድመው። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ "አንቺን ደግሞ..." አለና ሳቁ አሸነፈው።

እና ከዚያ ቀን ወዲህ ዜና ስሰማ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የስንት ሀገር መግለጫ ተነቧል፤ ስለ መረጋጋት፣ ስለ ቀጠናው ሰላም፣ ስለ ሕዝቡ መብት። "ጥቅሜ እንዳይነካ እፈራለሁ፣ ለዚህ ነው ያልለቀቅኳችሁ" የሚል አንድ መግለጫ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቢሉት እኮ ቢያንስ መነጋገር ይቻላል። ደግሞ የአንዱ ሀገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም የጎረቤት ሕዝብ ነፃነት ላይ ጥሩ ተናጋሪ ነን፤ ጉዳዩ በኛ በኩል ሲያልፍ ድምፃችን ዝቅ ይልና "ላንተው ደህንነት" እንላለን። የሩቅ ሰው ነፃ ማውጣት በጣም ቀላል ነው። ካልሲህን አያጥብልህማ።

እኔ እንደሆንኩ ነፃ አውጪ ነኝ ብዬ እሑድን ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ሌንሳ ሻንጣዋን ስትሸክፍ አልጋው ላይ ተጋድሜ ምክር እሰጣታለሁ። መሸት ሲል ነው የነቃሁት። ከነገ ጀምሮ ሒሳብ የሚያሳየኝ የለም። ዩኒፎርሜን ተራዬ ሲሆን የሚያጥብልኝ የለም። ከሁሉም በላይ፣ ጥፋቴን "እኔ ነኝ" ብሎ የሚወስድልኝ የለም። በዚህ መሃል ሌንሳ ዞር አለችና "ሶሲ፣ ያ ሰማያዊው ብርድ ልብስ የት ሄደ? ዱከም ማታ ማታ ይቀዘቅዛል አሉ" አለችኝ።

ብርድ ልብሱ ሁለታችን አብረን ከልጅነታችን ጀምሮ የምንለብሰው ነው። ሕጋዊ ባለቤቱ እሷ ናት፣ አልክድም። እኔም በጣም አሳቢ በሆነ ድምፅ፣ "ለጊዜው እዚህ ቢቆይ አይሻልም? አዲሱ ቤትሽ አስተማማኝ መሆኑ ይረጋገጥ መጀመሪያ" አልኳት።

አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ግን ወጥቷል።

ሰኞ ንጋት ላይ አባዬ ራሱ ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ አደረሳት። ሚኒባሱ ሲነሳ መስኮቱን ይዞ ትንሽ ሮጠ፣ ረዳቱ "ፋዘር፣ ልቀቁን እንጂ!" አለው፣ ለቀቀ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ "ፈረምኩ" ብላ ደወለች። አባዬ ስልኩን ዘግቶ ለቢሮው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ ይባላል።

ብርድ ልብሱ? እኔ ጋ ነው። አልጋዬ ሥር ነበር፣ አሁን ወደ ላይ ወጥቷል። በአዳማ ሙቀት እሱን ለብሼ በላብ ተጠምቄ ነው የማድረው። የመመለሱን ጉዳይ በመርህ ደረጃ ተቀብዬዋለሁ፣ ዝርዝሩን እያጠናሁት ነው።

እንግዲህ አሸንፌያችኋለሁ፣ ቅጣታችሁ ደግሞ ቀላል ነው፤ ወሬውን አዳርሱልኝ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ስለ ነፃነት እጁን እያወናጨፈ የሚያወራ ሰው ባያችሁበት ሁሉ አውሩት። ከፈለጋችሁ ጨምሩበት፣ እኔም ሳልጨምርበት አልቀረሁም። ብቻ ዱከም ስትደርሱ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉና የብርድ ልብሱን ነገር ዝለሉት። ለሌንሳው ደህንነት ብዬ ነው።